የእትዬ ነጥብ ሞኒተር

ጥፋቱ የእኔ ነው። ኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ ከምትታዘቡኝ ከወዲሁ ልናገር።

በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ያለው የሥራ መደብ ስም ሁለት መስመር ይፈጃል፤ ሥራው ግን ማተሚያ ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት መጎተትና «ነቅላችሁ ሰኩት» ማለት ነው።

እትዬ ነጥብ የመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቃል ሲጽፉ ኖረዋል። ነጥብ የጎደለው ረቂቅ ይዞ የመጣ ሰው፣ ኃላፊም ቢሆን፣ እስክሪብቶ ይሰጡትና «ራስህ አስቀምጣት» ይሉታል፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ። ፊት ለፊት «እትዬ» ብቻ ነው የምንላቸው። ሙሉውን ከጀርባ እንደምንጠራቸው ያውቃሉ፤ ደስ ሳይላቸውም አይቀርም።

ሥራ የጀመሩት በጽሕፈት መኪና ነው፤ ዛሬም ኪቦርዱን እንደዚያው ይቀጠቅጡታል። ኮሪደሩ ማዶ ቆመህ መስመር መጨረሳቸውን በድምፁ ታውቃለህ። እኔ እዚህ ከገባሁ ወዲህ ብቻ አራት ኪቦርድ ቀይሬላቸዋለሁ። ጣታቸውን አይተው አያውቁም፤ እያወሩ ይጽፋሉ፣ በመስኮት እያዩ ይጽፋሉ፣ እኔን እየተቆጡ ይጽፋሉ። የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ከሆነች ታናሽ እህታቸው ጋር ነው። ሁለቱም አላገቡም። ቤቱ በብትን ጨርቅ የተሞላ ነው ይባላል።

ሞኒተራቸው ዕድሜ የጠገበች ናት። ጠርዟ ወፍራም፣ ቁመትና ወርዷ እኩል ሊሆን ምንም ያልቀረው፣ ኬብሏ ከጀርባዋ ጋር አብሮ የተሠራና ከእሷ የማይለይ። ሰፋ ያለ አዲስ ልስጥዎት ብላቸው «ደብዳቤ ቁመት እንጂ ወርድ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ከሁለት ወር በፊት ኮምፒውተሮቻችን ሁሉ መንቀርፈፍ ጀመሩ። ኃላፊው ዘንድ ገብቼ «ሊኑክስ የሚባል ሲስተም እንጫንባቸው፤ ነጻ ነው፣ አሮጌ ማሽን ያስሮጣል» አልኩ። «ሥራ አይስተጓጎልም?» ሲሉኝ «አንዲት ደቂቃም አይስተጓጎል! ምን በወጣው!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከእጄ አፌ ይቀድማል፤ እናቴም ይህን ስትለኝ ነው ያደግኩት።

አሥራ አራቱን ማሽን በሁለት ቀን ጨረስኩ። የመጨረሻው የእትዬ ነበር። የመውጫ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ኬብሉን ከማሽኑ ጀርባ በዳበሳ ሰካሁት። እምቢ አለ። ገፋሁት። አሁንም እምቢ ሲል ደህና አድርጌ ገፋሁትና ገባ። ስክሪኑ በራ፤ ፊደሉ ግን እርጥብ እጅ እንደነካው ቀለም ፈሰስ ብሏል። አየሁት። በደንብ አየሁት። «ነገ እመለስበታለሁ» ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

በነጋታው ሒሳብ ክፍል ማተሚያው ተበላሸ፤ በማግሥቱ ሌላ ነገር መጣ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ና እስቲ። ይሄ ፊደል ላንተ ይታይሃል?»

ኃላፊው በሩ ላይ ቆመው ረቂቅ እያገላበጡ ነበር። «አንዲት ደቂቃ» ያልኩት ትዝ አለኝ።

«እንዴታ! ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየኝ» አልኩ።

«እንግዲያ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔም ወደ ክፍሌ ተመለስኩና ነገሩን ረሳሁት። ሰበብ አልፈልግለትም፤ ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ እትዬ አዲስ መነጽር አደረጉ። ፊደሉን እያሳደጉ መጻፍ ጀመሩ፤ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ስክሪናቸው ላይ አራት ገጽ ሆነ። አንድ ሰሞን ደግሞ እግራቸውን አስረው እያነከሱ መጡ። ምን ሆኑ ስንላቸው «ዕቃ መታኝ» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። አንዱንም ከአንዱ አላገናኘሁትም።

ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ ኃላፊው አስጠሩኝ።

«የእትዬን ኮምፒውተር ለሰኞ አዘጋጅ። አዲስ ጸሐፊ ትመጣለች።»

«እትዬስ?»

«ይለቃሉ። ዓይናቸው እምቢ አላቸው። ምን ይደረግ፣ ብለምናቸውም አልሰማ አሉ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብዳቤያቸውን እቀበላቸውና ወደ ዋናው ቢሮ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም።»

በቀጥታ የሄድኩት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ዘንድ ነው። ከእትዬ ጋር ግድግዳ ብቻ ነው የሚለያቸው፤ እዚያ የተተነፈሰ ሁሉ እሷ ጆሮ ይደርሳል።

«ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር» አለችኝ። «ዓይንዎ ጤነኛ ነው፣ እንዲያውም ለዕድሜዎ ጥሩ ነው ብሎ መነጽር ቀየረላቸው።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ሊያምኑት ነው? ‹ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ ፊት ለፊት እንዴት ይንገረኝ፤ ወረቀቱ ቢታየኝም ሲጀምር ከስክሪን ነው› አሉ። እኔንም ጠይቀውኝ ነበር፤ ስክሪኑ ይታይሻል ወይ ብለው።»

«ምን አልሻቸው?»

«እውነቱን ልንገርህ? ደብዝዞብኝ ነበር። ግን ‹ልጁ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል ብሏል› ሲሉኝ፣ አንተ ባለሙያ ነህ፣ እኔም ዓይኔ ሄዷል ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩና ‹ይታያል› አልኩ።»

ክው አልኩ። አንድ ውሸት ይዤ ወጥቼ፣ ውሸቱ ሰው እየጨመረ ቢሮውን ሲዞር ከርሟል።

ሄጄ ልንገራቸው? ሐኪም ያላመኑ ሴት እኔን ሊያምኑ! «አይዞሽ ማለቱ ነው» ብለው ደብዳቤያቸውን ይሰጣሉ። በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ሌላ ሞኒተር አምጥቼ እንዳልገጥም ደግሞ የስቶሩ ባለ ቁልፍ ፈቃድ ላይ ነው፤ የሚመጣው ሰኞ ነው።

እትዬ ለምሳ ሲወጡ ጠብቄ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። በሁለት ወር ውስጥ ስቀመጥበት የመጀመሪያዬ ነበር። ከፊቴ የተከፈተው ደብዳቤ የመልቀቂያቸው ነው። ፊደሎቹ አውራ ጣቴን ያክላሉ፣ ያም ሆኖ ጠርዛቸው ፈሷል። አምስት ደቂቃ አፍጥጬ ዓይኔ አለቀሰ። እኚህ ሴት በዚህ ላይ በቀን ስምንት ሰዓት ሲሠሩ ኖረዋል።

ነገሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ሞኒተሩን «መጠንሽ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በኬብሉ ጫፍ ባለች አንዲት መርፌ መሰል ቀጭን ፒን በኩል ይመጣል። መልስ ካጣ ሊኑክስ በግምት ይሄዳል፤ አነስ ያለ ምስል ይልካል፣ ሞኒተሩም ያንን ለጥጦ ሲሞላው ፊደሉ ይደበዝዛል። ኬብሉን ነቅዬ አየሁት። ከፒኖቹ አንዷ ተጣጥፋ ተኝታለች። ማን እንዳጠፋት መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በወረንጦ ቀስ አድርጌ ላቀናት ስል ቀጭ ብላ እጄ ላይ ቀረች። ኬብሉ ከሞኒተሯ አይለይ፣ አልቀይረው። እሺ፣ እሷ መመለስ ካቃታት እኔ እመልስላታለሁ አልኩ። ኬብሉን መልሼ፣ በዓይኔ እያየሁ ሰክቼ፣ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈትኩና የሞኒተሯን ልክ በእጄ መጻፍ ጀመርኩ። አግድም አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ነጥብ፣ ቁልቁል አንድ ሺህ ሃያ አራት። ቀጥሎ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይታደስ የሚለው አለ። ስልሳ ማለት ሲገባኝ ከድሮ ማስታወሻዬ ሰማንያ አምስት ገለበጥኩ። ችኮላ አልለቀቀኝም።

ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠቆረ። መሐሉ ላይ ከአቅሜ በላይ ነው የምትል ትንሽ ሳጥን ብቻ መንሳፈፍ ጀመረች። እንደ ፈረደብኝ በሩ ተከፈተና እትዬ እያነከሱ ገቡ።

«ገደልካት?»

«ኧረ አልሞተችም እትዬ!»

«ተዋት ልጄ፣ አብረን እንውጣ። ደብዳቤዬን ብቻ አውጣልኝ፤ ከምሳ መልስ ላትማት ብዬ ሳላስቀምጣት ነው የወጣሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈልጓታል።»

ማሽኑን አጥፍቼ ባበራው ጨለማው ይለቅ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ይጠፋል። ልደብቃችሁ አልችልም፣ ይጥፋ ብዬ ጣቴን ማጥፊያው ላይ አሳርፌ ነበር። ከዚያ እንደገና ቁጭ ብለው በዚያ ደብዛዛ ስክሪን ሲጽፉት ታየኝና እጄን ሰበሰብኩ።

የትእዛዙ መስኮት ከጨለማው ጀርባ አሁንም ክፍት ነው። ሦስት መስመር በትክክል ከተጻፈ ይሠራል። ችግሩ እኔ በሁለት ጣት፣ እያየሁ እየለቀምኩ ነው የምጽፈው፤ ሳላይ አንድ ቃል አልጽፍም።

«እትዬ» አልኩ፣ «እኔ እየጠራሁልዎ ሳያዩ ይጽፉልኛል?»

ሳቁብኝ። «አይቼ ጽፌ አውቃለሁ እንዴ?»

ተቀመጡ። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራሁ፤ ቁጥር፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ እንደገና ቁጥር። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ይቀጠቅጣሉ። አንድ ቦታ ላይ እኔው ተሳስቼ ስመለስ «ቀስ በል፣ ማን ያሳድድሃል?» አሉኝ። ስልሳ አልኩ፤ ስልሳ ጻፉ። ሦስተኛው መስመር ሲያልቅ የማስገቢያውን ቁልፍ እንደ ልማዳቸው በኃይል መቱት።

ስክሪኑ ብልጭ አለና በራ።

እትዬ ዞር ብለው አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሻርፓቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ዓይኔ ከዕለት ወደ ዕለት እየደከመ በመምጣቱ» ብለው ጮክ ብለው አነበቡና ቆሙ። ፊደሉን አሳነሱት። አሁንም አሳነሱት። ከታች ጥግ ላይ ያለችውን ሰዓት አነበቡ። ከዚያ በጣታቸው እየነኩ፣ ጠርዝ ላይ የተደረደሩትን የፋይል ስሞች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ጠሯቸው። አንድም አልሳቱም።

«ምን አደረግህ?»

የፒኗን ነገር ነገርኳቸው።

«መቼ ነው የታጠፈችው?»

«ሊኑክሱን የጫንኩ ቀን።»

«ስጠይቅህ ታዲያ፣ ደብዝዞ ታይቶህ ነበር?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አዎ» አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነና ኃላፊው ብቅ አሉ። «እትዬ፣ ደብዳቤዋ ደረሰች?»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። እስክሪብቶ ሲያስይዙ የሚያዩት ዓይነት አስተያየት ነው ያዩኝ።

«ራስህ ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። ስክሪኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ያን ዕለት እርስዎ በር ላይ ቆመው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል ያልኩት ውሸት ነበር፣ የእትዬ ዓይን ምንም የለውም አልኩ። ኃላፊው አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አዩ። «አንተ ልጅ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ትመጣለህ» ብለው ሄዱ። እትዬ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጥቁረው ሰረዙት።

ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ የጻፍነውን እንዳይረሳ ትእዛዞቹን በመነሻ ፋይሉ ላይ ማስፈር ነበረብኝ። ቦታ ለቀቁልኝና ከጎኔ ቆሙ። በሁለት ጣቴ እየለቀምኩ ስጽፍ ድንገት ማውራት ጀመሩ፤ ቁጣ የለበትም፣ የቀን ወሬ እንደሚያወሩ ነው።

«ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ስገባ ዓይኔን በሻሽ እያሰርኩ ቤቴን መዞር ስለማመድ ነበር። ሲጨልምብኝ እህቴን እንዳላስቸግራት ብዬ። ከአልጋዬ እስከ በሩ ስምንት እርምጃ ነው። ከበሩ እስከ ማድቤት አሥራ አንድ።»

ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«እግርዎስ?» አልኩ።

«እሱማ እህቴ ናት። ስፌት መኪናዋን ሳትነግረኝ ፈቀቅ አድርጋው እንጂ፣ እኔ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም ነበር።»