የኩል ቀንድና ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ

ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ማንበብ ስችል ስለዚያ ዘመን የተጻፈውን አገላበጥሁ፤ ሁሉም የየራሱን ጀግንነት ነው የሚያወራው። እኔ አርበኛ አልነበርሁም። ጉና ግርጌ ገብስ የምዘራ ሰው ነበርሁ። የምጽፈውም ስለ ሚስቴና ስለ አንድ ነብር ነው።

ደህና ደህናውን መሣሪያ ጣሊያን ለቅሞ ወስዶታል። የቀረኝ አባቴ የተዉልኝ፣ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጎርስ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ነው፤ ጭድ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ነብሩ መጀመሪያ ከበጎቹ ጥቂቱን፣ ቀጥሎ ውሻችንን ከደጃፍ ወሰደ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን እንደታቀፈች ውሃ ለመቅዳት እንኳ መውጣት ፈራች።

ጠመንጃው ግን አመለኛ ነበር። የቀኙ አፍ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ይጥላል። እንደ ልብ መሞከርም አይቻልም፤ ተኩስ ከተሰማ ጣሊያኖቹ ከምሽጋቸው ይመጣሉ። ደግነቱ ወደ ደብረ ታቦር ለሚወስደው መንገድ ቋጥኝ በደማሚት ያፈርሱ ነበር፤ ከማፈንዳታቸው በፊት ጥሩምባ ይነፋሉ። ገደል ሥር አሮጌ አጎዛ ሰቅዬ፣ ጥሩምባውን ስሰማ አነጣጥራለሁ፤ የእነሱ ሲያጓራ የእኔም አብሮ ይጮሃል። ከጣሊያን ያገኘሁት ጥቅም ይኸ ብቻ ነው።

ባሩዱ ጥቂት ስለሆነ በመዳፌ እየገመትሁ፣ እየቆነጠርሁ ነበር የማጎርሰው። ባልተሳካልኝ ቁጥር ለነገ ብዬ ይባስ እቀንሳለሁ። እርሳሱ ከአጎዛው ግራና ቀኝ አፈር ይቆፍራል።

"ሁለቱ አፎች ተኳርፈዋል" አልኋት ለሚስቴ።

"ተርበው እንደሁስ፣ አንተ ሰው? አጉርሳቸው እንጂ።" ኩሏን ቅጠል ላይ አራገፈችና ትንሿን የኩል ቀንድ ሰጠችኝ። "በዚህ ስፈር። መዳፍህ አንድ ቀን ይለግሳል፣ አንድ ቀን ይሰስታል።"

"መኳኳሉስ?"

"ነብሩ ቆንጆ አይመርጥም።"

በግማሽ ቀንድ ባሩድ የሁለቱ አፎች ምት ትንሽ ተቀራረበ። ቀጥሎ ቀንዱን ጢም አድርጌ ሰፈርሁ፤ ከነጠላዋ ጫፍ የቀደደችልኝን ጨርቅ በሞራ አርሼ፣ እርሳሱን ጠቅልዬ በዘንግ ጎሰምሁት። የግራውንም እንዲሁ። ሁለቱ ቀዳዳዎች አጎዛው ላይ እንደ ዓይን ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚያ በላይ ብጨምርበት የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ተላለፉ፤ ወደ ሙሉው ቀንድ ተመለስሁ።

አንድ ማለዳ በጎቹ ተንጫጩ። ነብሩ የበረቱ አጥር ላይ ነበር። ሚስቴ ልጁን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። የቀኙን ሳብሁ፤ መዶሻው ቀጭ ብሎ ቀረ። ጠመንጃውን ከትከሻዬ ሳላወርድ፣ ማነጣጠሪያዬንም ሳልለውጥ የግራውን ሳብሁ። ነብሩ ከአጥሩ ላይ ወድቆ ተዘረረ።

ተኩሱን የሰማ ይመጣ ይሆናል ብለን ጠመንጃውን ጭዱ ውስጥ መልሰን ጠበቅን። ማንም አልመጣም። እሷ ቀንዱን አጥባ ኩሏን መለሰችበት፤ በደንብ አልጠራም መሰለኝ፣ ስትኳል ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ምነው?"

"ባሩድህ ነው" አለች እየሳቀች። ልጁን እኔ ጭን ላይ አስቀመጠች፤ እንስራዋን አዝላ ብቻዋን ወደ ወንዙ ወረደች። ነብሩ ያደፍጥበታል ብላ ትፈራው የነበረው ቁጥቋጦ ጋ ስትደርስ እርምጃዋን አላፈጠነችም።