የአባዬ ባሌስትራ

«ጫቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!» አባዬ የግፊት መለኪያውን ማሰሪያ ከክንዱ ራሱ እየፈታ ነው። «ኢጀበናዬን ቅሜ ስመጣ ነው የለካሽኝ!»

«ጋሽ ታደሰ፣ ጫት ግፊት መጨመሩ እውነት ነው» አለች ሲስተር ሰላማዊት። «ይሄን ያህል ግን እንጃ።»

ኢጀበና እኛ ጋ ለዓይን መግለጫ በጠዋት የሚቃም ጫት ነው፤ አባዬ ያለ እሱ ሞተር አያስነሳም። ሲስተር ከጎጃም መጥታ እኛ ከተማ ጭሮ የተመደበች ነርስ ናት። ለጥናቷ ሂርና፣ ሚኤሶና አሰቦት ወርዳ የሰዎችን የደም ሥር እርጅና ልትለካ የአባዬን ሚኒባስ ተከራየች፤ እኔን ልጁን ደግሞ ለኦሮምኛው ያዘችኝ። መሣሪያውን ልሞክረው ብላ ሾፌሯን አስቀደመች፤ ጣጣው ከዚያ መጣ።

«መድኃኒት ይጀምሩ። ግፊቱ እስኪረጋጋ ሌላ ሾፌር ይንዳ።»

«እስክንመለስ ቅጠል አፌ አይገባም» አለ አባዬ። «ስንመለስ ለኪኝ። ያኔም እንዲሁ ካለ ቁልፉን አስረክባለሁ።»

ሲስተር እኔን አየችኝ። ያ ሚኒባስ ለአባዬ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ቃሉንም አውቃለሁ። «ቃሉን ይጠብቃል» አልኳት። ራሱን ካዞረው ወዲያው እንደምንቆም አስምላው ተነሳን። አባዬ በሩን ወርውሮ ዘጋው። የቤትም የመኪናም በር የሚዘጋው አንድ ዓይነት ነው።

ሂርና

መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ግራ ቀኙ የጫትና የማሽላ እርከን ነው። ሲስተር ሥራዋን ታስረዳናለች። ልብ በመታች ቁጥር በደም ሥር ውስጥ ሞገድ ይሮጣል። መሣሪያው ሞገዱ ከአንገት ጭን ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ይይዛል። ደም ሥር ለስላሳ ሲሆን ሞገዱ ይዘገያል፤ ሲደርቅ ይፈጥናል።

«መፍጠን ምን ክፋት አለው?» አለ አባዬ።

«ቱቦው መለጠጥ አቅቶታል ማለት ነዋ። ምቱን አያበርድም።»

«ባሌስትራ በይኛ፣ መኪናውን ተሸክሞ የሚረግበው ብረት! የደረቀ ባሌስትራ ጉድጓዱን አይውጥም፤ ምቱ ሁሉ ቦዲው ላይ ያርፋል።»

«ልክ ነው። ቦዲው ልብ ነው፤ ኩላሊትና አንጎልም ነው።»

አባዬ በደስታ ጥሩምባውን ነፋ።

ሂርና በተዋስናት ክፍል መጀመሪያ ለመለካት የተኙት አዴ ፋጡማ የሚባሉ ጫት ነጋዴ ነበሩ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አስተረጉማለሁ። ግፊታቸው ከፍ አለ።

«ዛሬ ቅመዋል?»

«ወላሂ! እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ቃሚ አይደለሁም።»

«ምላስዎ ግን አረንጓዴ ነው» አለች ሲስተር።

«እሱማ ቀምሼ ነው። ሳልቀምስ ልግዛ?»

ለካ ከንጋት ጀምሮ ከእያንዳንዱ እስር አንዳንድ ቅጠል እያኘኩ ነው የገዙት። ሲስተር ነገ ከመነሳታችን በፊት ሳይቀምሱ እንዲመጡ ለመነቻቸው።

«ሳልቀምስ ከምገዛ ሳልለካ ልሙት!» አሉ።

ሲወጡ ለአባዬ አንድ ለምለም እስር በስጦታ ዘረጉለት። ተቀበለ፤ አሸተተ፤ መለሰላቸው። «እኔም ልቅመስ ካልኩ አለቀልኝ፣ አዴ» አላቸው።

ሚኤሶ

በማግስቱ በጭሮ አልፈን ቁልቁል ወደ ቆላው ወረድን። ከባድ መኪኖች ተደርድረዋል፤ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። አባዬ ያለ ጫት ሥራው ማዛጋት ብቻ ሆነ። ግራር ሥር አቁሞ ተኛ፤ ሲነሳ የግመል ወተት ጠጥቶ ነቃ አለ።

አንድ ሽማግሌ አርብቶ አደር መሣሪያውን አይተው ሸሹ። «ደም ይመጥጣል» ይላሉ። የእኔን ትርጉም አልሰሙም። አባዬ ግን መኪናው ጎን ወስዶ አስጎነበሳቸውና ባሌስትራውን በኦሮምኛ አሳያቸው። እየሳቁ ገብተው ተኙ። ከዚያ በኋላ ማስተርጎሙ የእሱ ሆነ፤ እኔ ሻንጣ ተሸከምኩ።

አሰቦት

ወደ ገዳሙ የሚወጡ ምዕመናን ተራራውን እያዩ ዕረፍት አድርገዋል። አንዲት እናት ፈቅደው ተለኩ። ዕድሜያቸው ከአባዬ ይበልጣል፤ ሞገዳቸው ግን ዘገምተኛ ነው።

«ጎበዝ ባሌስትራ!» አለ አባዬ። «በምን ይወጣሉ፣ እናቴ?»

«በእግሬ ነዋ! ያንተ እግር ምን ሆነ?»

እኔ ሳቅሁ። አባዬ አልሳቀም። እስከ ጭሮ ድረስ ሬዲዮ እንኳን አልከፈተም።

ጭሮ

ቤት እንደደረስን ሳይባል አልጋው ላይ ጋደም አለ። ሲስተር ካሳረፈችው በኋላ ግፊቱን ለካች፤ ደገመች። መዳሰሻውን አንገቱ ላይ አሳረፈች። ስክሪኑ ላይ ሞገዱ ፈጥኖ ሽቅብ ሲነሳ አየሁ። በመንገዱ ሁሉ የሌሎችን መስመር እንደ ግጥም ሳነበው ነበር። የአባቴ ሲሆን ግን ቤት የሚመታ ስንኝ አልመጣልኝም፤ እጁን ብቻ ያዝኩ።

«ባሌስትራው ነው?» አለ።

«ባሌስትራው ነው፣ ጋሼ። ግፊቱም አልወረደም።»

«ጫቱ አይደለም እንግዲህ።»

«ጫቱም አይረዳም። ግን በመድኃኒት ይወርዳል፤ ሲረጋጋ ይነዳሉ።»

ተነስቶ ጫማውን አጠለቀ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጥቂት አገላበጠው፤ መዳፌ ላይ አኖረው። ሞቋል።

«አባዬ፣ ወዴት ነው? ላድርስህ።»

«ጤና ጣቢያ፤ ካርድ ላወጣ። በእግሬ።»

ወጣ። በሩን እንደ ልማዱ ወርውሮ ዘጋው።