በመቃብሩ ላይ የቀረው ጥድ

ኦክቡንን በኮሪያ ናጁ ውስጥ ባለችው መንደራችን የማያውቃት የለም። ለጋውን የፒር ፍሬ ተባይ እንዳይነካው አንድ በአንድ በወረቀት ከረጢት ስንሸፍን እሷ የያዘችውን ረድፍ ማንም አይደርስበትም ነበር። ከዮንግሳን ተድራ ስለመጣች ሁሉም «የዮንግሳኗ» ይላታል። ባሏ ልጅ ሳይወልዱ በሳንባ ሕመም ሞተባት። ከፒር ማሳዋ በላይ ካለው ኮረብታ ማዶ ቀበረችውና ራስጌው ላይ የጥድ ችግኝ ተከለች። በእኛ ዘንድ ጥድ የሙታን ዛፍ ነው፤ ለሞቱ አባቶች ማዕድ ሲቀርብ የሚጨሰው የሱ እንጨት ነው።

ጣጣው ግን ከጥዱ ነው። የፒርን ቅጠል የሚመታው ዋግ የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው ጥድ ላይ ተሸሽጎ ነው። በሚያዝያ ዝናብ ከጥዱ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ማርማላታ የሚዝለገለግ ብርቱካንማ ነገር ያብጣል። ዱቄቱን ነፋስ ተሸክሞ ፒሩ ላይ ያሳርፈዋል። ቅጠሉ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ሰንበት ብሎም በጀርባው ፂም የመሰለ ነገር ይበቅልበትና ዋጉ በዚያ በኩል ተመልሶ ወደ ጥድ ይሄዳል። ከፒር ወደ ፒር አይተላለፍም። ጥድ ካጣ እዚያው ያልቅለታል።

ስለዚህ መንደሩ መክሮ በአካባቢው ያለ ጥድ ሁሉ ይቆረጥ አለ። ሊቀመንበሩ ፒዮ ቤት ለቤት ዞረ። ኦክቡን የጓሮዋን ጥዶች እሱ እያየ አስቆረጠች። ሌላ አለሽ ወይ ሲላት የለኝም አለች። የመቃብሩ ጫካ ውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል፣ ነፋሱስ ኮረብታውን ተሻግሮ ምን ያደርሰዋል ብላ ነው።

በሁሉም ፈቃድ የተረፈው የአያ ፒልጉ ጥድ ብቻ ነበር። አያ ፒልጉ ዕድሜው የገፋ፣ ብዙ የማይናገር ሽማግሌ ነው። በሩ ላይ የቆመውን ጥድ የቅድመ አያቱ አባት እንደተከለው ይነገራል፤ ግንዱን ሁለት ሰው ተያይዞም አያቅፈውም። በየዓመቱ መድኃኒት ልርጨው፣ ብቻ አትንኩብኝ ብሎ ለመነ፤ ተዉለት።

በቀጣዩ ሚያዝያ ዝናቡ አላባራም። ኦክቡን ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ መቃብሩ ወጣች። የባሏ ጥድ ከላይ እስከ ታች ብርቱካንማ ዝልግልግ አንጠልጥሏል። በእጇ ልትጠርገው ሞከረች፤ ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ወረደችና ለማንም ሳትነግር ቀረች። ብዙም ሳይቆይ የመንደሩ ፒር በነጠብጣብ ተሞላ። ከሁሉ የባሰባት ከኮረብታው ሥር አዲስ ማሳ ያቀናችው ሶንጊ ነበረች፤ ቅጠሉ ጊዜው ሳይደርስ ረገፈባት።

ሁሉም ወደ አያ ፒልጉ ዞረ። እሱ ረጭቻለሁ ይላል፤ የሚሰማው የለም። በመንደሩ አዳራሽ ተሰብስበን የሩዝ ጠላ እየጠጣን ሳለ አንዱ፣ «አያ፣ ጥዱን ያጠጡት መድኃኒቱን ነው ወይስ ጠላውን?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጥግ ላይ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ የነበረችው ኦክቡንም አብራ ሳቀች። ሽማግሌው ጽዋውን አስቀምጦ ወጣ። በመከር ጥዱን በሞተር መጋዝ ጣሉት። አያ ፒልጉ እስኪወድቅ ቆሞ አየና ገብቶ በሩን ዘጋ።

ኦክቡን የዱባ ገንፎ እየሠራች ትወስድለት ጀመር። ምን አድርጌልሽ ነው ይላታል፤ እሷ ጎረቤት አይደለን ብላ ትመለሳለች። ልነግረው ነው ብላ የሄደችባቸው ቀናት ሁሉ ገንፎ ሰጥታ በመመለስ አለፉ። ለባሏ ማዕድ ያቀረበች ዕለት ፎቶግራፉን ቀና ብላ ማየት እንዳቃታት በኋላ ነግራኛለች።

ዓመት ዞረ፤ ዋጉ ዳግም መጣ። አሁን የሚወቀስ ጥድ የለም። ፒዮ ከወንዙ ማዶ ነፍሶ ይሆናል አለ፤ ሰዉም ተቀበለው። ኦክቡን በማለዳ መጋዝ ይዛ ወጣችና የባሏን ጥድ በገዛ እጇ ቆረጠች። እዚያው ብታቃጥለው ማንም አያውቅም ነበር፤ ልታቃጥለውም ደረቅ ቅጠል ሰብስባ ነበር። ግን አላቃጠለችውም። ሰው ሁሉ እያያት በመንደሩ መሃል ጎትታ አያ ፒልጉ በር ላይ ጣለችው።

«አያ፣ ዋጉ የመጣው ከዚህ ነው» አለችው። «ከባሌ መቃብር ላይ ነው የቆረጥኩት።»

ሽማግሌው በብትሩ ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጎ አየ። «አምናም ነበር?»

«ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። የሳቁብዎት ጊዜም አብሬ ስቄያለሁ።»

ብትሩን በሩ ላይ አስደገፈ። ከዚያ፣ «እኔ ደግሞ ገንፎሽን በላሁልሽ» አለ። «ሂጂ። የሰደቡኝ አዳራሽ ነው፣ እዚያ ንገሪያቸው።»

አዳራሽ ቆማ ተናገረች። ማንም አልጮኸባትም። ፒዮ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ሌላ ወሬ ሊያልፍ ሲል ሶንጊ ተነሥታ ወጣች፤ ለረጅም ጊዜም ሰላም አላለቻትም። ኦክቡን የሶንጊን ፍሬ መሸፈን የጀመረችው ሳትጠራ ነው፤ ጠዋት ሄዳ አንዱን ረድፍ ይዛ ጀመረች፣ ሶንጊም አላባረረቻትም። እነዚያ የሳቁት ጠላ ይዘው አያ ፒልጉ ቤት ሄዱ፤ ተቀብሎ ጠጣላቸው። ኦክቡንን መንገድ ላይ ካገኛት ሰላምታዋን ይመልሳል፤ ገንፎዋን ግን ከዚያ ወዲያ አልቀመሰም። ሲሞት ጓዳ ሆና ድስት ስትጥድና ስታጥብ ዋለች እንጂ ከለቀስተኛው ጋር አልተቀመጠች።

አንድ ጊዜ ፒር ስንሸፍን፣ አያ ፒልጉ ይቅር ብሎሽ ነበር ወይ አልኳት።

«አልጠየቅኩትም» አለችኝ፣ እጇን ሳታቆም። «ብጠይቀው እሺ ይለኝ ነበር። እሺታውን ነው የፈራሁት።»