«ቆሻሻ» የተባለው ሳጥኔ

ልጅ እያለሁ ቆርኪ ወድቆ አይቼ አላልፍም ነበር። የመካነ ሰላም ገበያ በዋለ ማግስት ማለዳ ወጥቼ ሰው የጣለውን እለቅማለሁ፤ የመስታወት ስባሪ፣ የሬዲዮ አንቴና ቁራጭ፣ የማይሠራ የእጅ ሰዓት። እናቴ «ይቺ ልጅ ቆራሌ ሆና ልታርፈው ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ያሳደገችኝ አክስቴ ዘይነብ ዐረብ አገር ሄደች። ለመንገዷ የተገዛው ጫማ ካርቶን ለእኔ ቀረልኝ። ውስጡን በዱቄት ሙጫ እየለጠፍኩ እሷን ሠራሁበት። ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያዋን፣ የኩል ብልቃጧን፣ ከሙስበሃ መቁጠሪያዋ የወደቀችውን ዶቃና የሹራቧን ቁልፍ በቆርኪና በመስታወት ስባሪ ከበብኳቸው። ክዳኑን ስከፍት ከሙጫው ጎምዛዛ ሽታ ጋር የፀጉር ቅባቷ ይሸተኝ ነበር። ከእሷ የቀረን ይኸው ነበር፤ ፎቶዋ እንኳ አልነበረንም። በጎረቤት ስልክ ስትደውል ስለ ሳጥኑ ነገርኳት። «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ስመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ጠብቂልኝ» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን መምህራችን፣ ከወረዳ እንግዶች ስለሚመጡ ሁላችንም የእጅ ሥራ እንድናመጣ አዘዙ። ሳጥኔን በኩራት ይዤ ሄድኩ።

«ይኼ ምን ያገለግላል?» አሉኝ።

«አክስቴ ናት፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ የማያስተምር የእጅ ሥራ ዋጋ አልነበረውም። መምህሩ ትንሽ አሰቡና ወረቀት ላይ «የቆሻሻ አወጋገድ» ብለው ጽፈው ለጠፉበት። እንግዶቹ ሲመጡ አንደኛው በጣም ወደደው። «አወጋገዱንስ ታውቁታላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ እንግዳውን ለማስደሰት ቸኩለው ሁላችንንም ከክፍሉ ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ወሰዱን፤ ሳጥኔን ወርውረው ላምባ አርከፈከፉና ክብሪት ጫሩ። «አጨብጭቡ!» አሉን። አጨበጨብን፤ እኔም ጭምር። ለሥራዬም ሙሉ ማርክ ተሰጠኝ!

እያለቀስኩ ቤት ስገባ እናቴ ዕንባዬን ጠረገችልኝና «ዝም ማለትሽ ደግ አደረግሽ፤ መምህር አባት ነው» አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከእሳቱ ይልቅ ይህ ነው። የትኛው አባት ነው የልጁን ናፍቆት ቆሻሻ ብሎ የሚያቃጥለው? ጨዋነት ብለው ያስተማሩን የራሳችን ነገር ሲነድ ማጨብጨብን ነበር።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። ለእረፍት ስመለስ ታናሽ እህቴ ሰሚራ «ወላጅ አምጪ» ተብላ ጠበቀችኝ። ከጨርቅ የሰፋቻትን አሻንጉሊት መምህሯ ለእንግዳ ማሳያ ሊወስዱባት ሲሉ «የኔ ናት!» ብላ ነጥቃ ሮጣለች። እናቴ አፍራ እኔን ላከችኝ።

ርእሰ መምህሩ ወንበር ሰጡኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይቅርታ ትጠይቅ ዘንድ ምከሪያት» አሉኝ። እኛ በእሷ ዕድሜ ዓይናችንን መሬት ላይ እንተክል ነበር። ሰሚራ ግን አሻንጉሊቷን ብብቷ ሥር ይዛ ቀጥ ብላ ታየኛለች። በዕድሜዬ መምህር ተቃውሜ አላውቅም።

«አትጠይቅም፣ ቲቸር» አልኩ።