በሩን የምታቆመው ስዊች

ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። አለቃ ሲጮህ ከወንበሬ ተነስቼ እቆማለሁ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያየኝ ያልሠራሁት ወንጀል ትዝ ይለኛል። ዛሬ በየሆቴሉና በየግቢው በኤሌክትሪክ የሚንሸራተት በር ሲመጣ ሳይ ደግሞ ሳላስበው ቀኝ እጄን ወደ ኋላዬ እደብቃለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።

ነገሩ የሆነው ሰቆጣ ነው፤ የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው። እኔ ከደሴ ተመድቤ የሄድኩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሃያ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላኝ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ በኪሴ ስለያዝኩ ብቻ ራሴን እንደ መሐንዲስ የምቆጥር። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የእህል መጋዘን ነበር። ግቢውን የሠሩት ለመንገድ ሥራ መጥተው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ሲሄዱ አንድ ጄኔሬተርና አንድ ትልቅ የብረት በር ትተው ሄዱ። በሩን በጉልበት ለመግፋት ስምንት ሰው ያስፈልግ ነበር። እኔ ግን አንዲት ቁልፍ በጣቴ ስጫን ብቻውን በሐዲዱ ላይ እያጉረመረመ ይመጣል። የገበያ ቀን ከዝቋላና ከሰሃላ የመጣ ሰው ሸክሙን አውርዶ ቆሞ ያየው ነበር።

ሰውን የሚገርመው የበሩ መሄድ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ መቆሙ። ሞተር ዓይን የለውም፤ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ይጎትታል፣ ፊቱ ያለው ድንጋይ ይሁን በግ ይሁን ሰው አይለይም። የት መቆም እንዳለበት የምትነግረው ከሞተሩ ጎን የተቀመጠች የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን ናት፤ ሊሚት ስዊች ትባላለች። ከሳጥኗ አጭር የብረት ክንድ ወጥታለች፣ ጫፏ ላይ ትንሽ ጎማ አላት። በበሩ ግርጌ ደግሞ አንድ የታጠፈ ብረት ታስሯል። በሩ ሊዘጋ ሲቃረብ ያ ብረት ይመጣና ክንዷን ይገፋታል። ክንዷ በሳጥኗ ውስጥ ያለችውን ቀጭን ዘንግ ትጫናለች፣ ተገናኝተው የነበሩ ሁለት የመዳብ ምላሶች ይለያያሉ፣ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ሞተሩ ይቆማል። በሩ ሲከፈትና ብረቱ ሲርቅ አንዲት ሞላ ዘንጓን ወደ ቦታዋ ትመልሳለች፣ መዳቦቹም እንደገና ይገናኛሉ። በሌላው ጫፍ መከፈቱን የምታስቆም እህቷ አለች። በቃ፣ ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከባድ ብረት ግን ኤሌክትሪኩ ስለተቋረጠበት ብቻ ወዲያው ቀጥ አይልም፤ ክብደቱ ትንሽ ይወስደዋል። ስለዚህ የታጠፈውን ብረት ወደፊት አስጠግቼ አሰርኩት፣ በሩ ከሚገጥምበት የድንጋይ ዓምድ አራት ጣት ሲቀረው እንዲቆም። ያን ክፍተት ዘበኛው በሰንሰለት ይቆልፈው ነበር።

ዘበኛው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የአገሩ ተወላጅ ነበሩ። ኽምጣንኛ አፋቸውን የፈቱበት ነው፤ አማርኛውን ረጋ ብለው፣ ቃሉን መርጠው ይናገሩታል። ወደ መጋዘኑ ከመምጣታቸው በፊት ብዙ ዓመት የአጥቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን በር ጠብቀዋል። መቃን ሳይሳለሙ በር መዝጋት አይሆንላቸውም። እኔ ቁልፉን ስጫን እሳቸው ወደ ዓምዱ ይሄዳሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ ይዘረጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍኑና አቡነ ዘበሰማያት ይጀምራሉ። ብረቱ እያጉረመረመ ይመጣና ከእጃቸው ጀርባ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል። ያን ጊዜ እጃቸውን አንስተው ይስሙትና ሰንሰለቱን ያስራሉ።

መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጮህኩ። «አባባ! እጅዎን ያንሱ!»

«ምን ሁነሃል፣ ልጄ?» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ይቆማል ያልኸኝ አንተው አይደለህ?»

ብዙ ጊዜ ለመንኳቸው። እሺ ይሉኛል፣ በማግሥቱ እጃቸው ዓምዱ ላይ ነው። በኋላ እኔም ለመድኩት። ይባስ ብዬ ኮራሁበት። ከወልድያ ወይም ከኮረም እንግዳ ሲመጣ «እስቲ አባባ፣ ይሳለሙልን» እያልኩ የስዊቼን ሥራ በሽማግሌ እጅ አሳይ ነበር። እንግዳው ትንፋሹን ይውጣል፣ በሩ ይቆማል፣ እኔ እስቃለሁ። ይህን ስጽፍ አሁን ፊቴ ይግላል።

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። ከአበርገሌ በኩል ሰው ወደ ሰቆጣ መውጣት ጀመረ፣ መጋዘኑ ፊትም መቀመጥ ጀመረ። አይጮሁም፣ አይገፉም። ተቀምጠው በሩን ብቻ ያያሉ። ያ ዝምታ ከጩኸት በላይ ያስፈራ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊም ፈርቷል፤ ፍርሃቱን ግን በእኛ ላይ ነበር የሚያወርደው። በሩ ተከፍቶ ያደረ ወይም ያረፈደ እንደሆነ ለፖሊስ አሳልፎ እንደሚሰጠኝ ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ነግሮኛል። የሚያደርገው መሰለኝ። እስር ቤቱ ከመጋዘኑ ብዙም አይርቅም፤ ሳልፍ በአጥሩ ላይ የተሰጡ የእስረኞች ልብሶች አያለሁ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና እህል ይዞ ከኮረም መጣ። በሩን ከፈትኩለት፣ ገባ። የመዝጊያውን ቁልፍ ስጫን ግን ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ፣ ዝም። በሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከውጭ የተቀመጡት ሰዎች አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ።

ሮጬ የስዊቿን ክዳን ፈታሁ። ዘንጓ ከትናንት ጀምሮ እንደተጫነች ውስጥ ተጣብቃለች፣ ሞላዋ ልትመልሳት አቅም አጥታለች። በሩ ወለል ብሎ ሳለ ስዊቿ ግን ዝግ ነው ብላ ታምናለች፤ ስለዚህ ሞተሩን አታስነሳም። በጣቴ ነካኋት። ቡናማ ነገር እንደ ሙጫ ይስባል። አሸተትኩት፤ የኑግ ዘይት ነው።

«አባባ፣ እዚህ ላይ ምን አደረጉ? በየሳምንቱ ግራሶ ይቀቡ አላልኩዎትም?»

ዘበኛው አጠገቤ ጎንበስ ብለው አዩ። «ሁዳዴ እኮ ነው» አሉ፣ እንዴት ይህ ይጠፋሃል በሚል ድምፅ። «ያ ሞራ ነው። በዚህ እጄ ነው የምቆርሰው። ጠርጌ ጠርጌ ጣልሁትና ጥሩ ኑግ ቀባኋት። በየጠዋቱ ነው የምቀባት፣ አልሰነፍሁም።»

ግራሶው ከነዳጅ የሚሠራ እንጂ ሞራ እንዳልሆነ ነግሬያቸው አላውቅም። አልጠየቁኝም፣ እኔም አላሰብኩትም። ኑግ ደግሞ በስሱ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቃል፣ አቧራውን ይዞ ይጋገራል። በቤንዚን አጥቤ ለማስለቀቅ አንድ ሰዓት ቢበዛ ይበቃኝ ነበር። ቤንዚኑም እዚያው ጄኔሬተሩ ቤት ነበር።

ኃላፊው ከኋላዬ ደረሰ። «ምንድን ነው የምታደርገው?»

«ጌታዬ፣ አንድ ሰዓት ቢሰጡኝ...»

«አሁን ዝጋ! አሁን! ሰው ሲነሳ አይታይህም? አንዲት ጆንያ ብትወጣ አንተን ነው የምጠይቅህ!»

ከኪሴ የጣት ርዝመት ያላት ሽቦ አወጣሁና ወደ ስዊቿ የሚገባውንና ከስዊቿ የሚወጣውን መስመር አገናኘሁ። አሁን ስዊቿ ትኑር አትኑር ለሞተሩ ለውጥ የለውም። ኤሌክትሪኩ በጎኗ ያልፋል፤ በሩ የት እንደሚቆም የሚነግረው የለም። የሚያቆመው የእኔ ጣት ብቻ ነው፣ ቀይዋን ቁልፍ በሰዓቱ ከተጫንኩ። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ኃላፊው እዚያው ቆሟል፤ ማቆሚያዋን አውጥቻታለሁ ብል ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ለሽማግሌው በጆሯቸው ሹክ ማለት እችል ነበር። ከባድ ነገር አልነበረም። በኋላ እላለሁ ብዬ ተውኩት።

ቁልፎቹ፣ አረንጓዴዋ መዝጊያና ቀይዋ ማቆሚያ፣ ያሉት ጄኔሬተሩ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ ከዓምዱ ሃያ እርምጃ ይርቃል። አረንጓዴዋን ተጫንኩ። በሩ መጣ። ላብ አጠመቀኝ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሩ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ቀይዋን ተጫንኩ፤ ተንሸራትቶ አንድ ስንዝር ሲቀር ቆመ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው የዛሬው ክፍተት መስፋቱን አዩና ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ፈገግ አልኩ። ልቤ ግን በአፌ ልትወጣ ነበር።

መኪናው ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈታል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይዘጋል፤ ከዚያ ስዊቿን አጥባለሁ፣ ማንም አያውቅም። ይህን ለራሴ ስደጋግም እህሉ እስኪራገፍ ድረስ ከቁልፎቹ አልተለየሁም። ምሳ አልበላሁም። ሽንቴ እንኳ ይዞኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው ወጣ። አረንጓዴዋን ተጫንኩ፣ በሩ ጉዞ ጀመረ። ሽማግሌው ወደ ዓምዱ ሄዱ። ያን ጊዜ ከውጭ ከተቀመጡት አንዲት ሴት ተነስታ ከመኪናው የተንጠባጠበውን ማሽላ ልትለቅም ሐዲዱ ላይ ጎንበስ አለች። በሩ ወደ እሷ እየሄደ ነው። «ተነሽ! አንቺ ሴትዮ፣ ተነሽ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ መሬቱን አየች፣ አንድ እፍኝ አፍሳ ወደ ኋላ ሸሸች። ተረፈች። ተመስገን ብዬ ዓይኔን ወደ ዓምዱ ስመልስ በሩ ደርሷል።

ቀይዋን ተጫንኩ። ሞተሩ ዝም አለ። ብረቱ ግን ሄደ።

ድምፁን አልጽፈውም። ሽማግሌው አልጮሁም፤ በኽምጣንኛ አንዲት ቃል ብቻ ወጣቻቸው፣ ከዚያ ጉልበታቸው ታጠፈ፣ እጃቸው ግን ተይዞ ስለነበር አልወደቁም። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ሮጠ፤ ኃላፊው፣ ጫኞቹ፣ ውጭ የነበሩትም ሳይቀሩ በሩን ለማስለቀቅ ይገፉ ጀመር። እኔም ሮጥኩ። የሮጥኩት ግን ወደ ሽማግሌው አልነበረም፣ ወደ ስዊቿ ነበር። ክዳኑን ፈታሁ፣ ሽቦዋን ነቀልኩ፣ ኪሴ ከተትኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሄጄ ከሰው ጋር በሩን የገፋሁት። ማንም አላየኝም።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሦስት ጣታቸውን ቆረጠ። በማግሥቱ ፖሊስ መጥቶ ጠየቀኝ። ስዊቿን ከፍቼ የተጋገረውን ኑግ አሳየሁት። «ያልተፈቀደ ዘይት ተቀብቶባት ነው የተበላሸችው» አልኩ። ውሸት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም። ተጣብቃ የቀረች ስዊች በሩን ከነጭራሹ አታስነሳውም እንጂ ሰው ላይ አትነዳውም፤ ይህን ግን ሰቆጣ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ፖሊሱ ጻፈ። ሌላ ቀን እንደሚጠራኝ ነግሮኝ ሄደ። ኃላፊው ደግሞ የመንግሥት ንብረት አበላሽተዋል ብሎ ሽማግሌውን ከሥራ አሰናበታቸው። ስዊቿን አጠብኩ፣ በሩ እንደ ድሮው ሠራ። እኔ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ፖሊስ እየመሰለኝ እበረግግ ጀመር፣ እንቅልፍም አጣሁ።

የሆሣዕና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የተከራየሁት ቤት በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሽማግሌው ናቸው፤ እጃቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ ታስሯል፣ በጣም ከስተዋል። አወቁ ብዬ ደነገጥኩ። ሊረግሙኝ ወይም ሊከሱኝ መጥተዋል ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉ።

እጄን ከግድግዳው አወረድኩ።

«በደህና ይሠራ የነበረውን ነገር በኑጌ አበላሸሁብህ። እኔስ የእጄን አገኘሁ፤ አንተ ግን ምን በደልህና ፖሊስ ፊት ቆምህ? ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ሂድና ልጁን ይቅር አስብል፣ ሳትታረቅ እንዳትቆርብ አሉኝ። በል፣ አፍ አውጥተህ ይቅር ብየዎታለሁ በለኝ።»

በቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ እኒህ ሰው ለንስሐ አባታቸው ይነግራሉ፣ ለልጆቻቸው ይነግራሉ፣ ፖሊሱ ይሰማል ብዬ አሰብኩ።

«ይቅር ብየዎታለሁ፣ አባባ» አልኩ።

ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ደህና በነበረው እጃቸው መቃኑን ደግፈው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ጉልበቴን ሳሙኝ። እኔም ቆሜ አሳምኳቸው።