ቦሪ ያለው የድንጋይ ክምር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪዬ ቢሮዬ መጥታ ፈተናውን በሌላ ቀን እንድሰጣት ለመነችኝ። ለመታወቂያ ጉዳይ ሞያሌ ሄዳ ሽማግሌዎች ፊት መቅረብ ነበረባት። ማስረጃ አልጠየቅኳትም። አባቷ አብሯት ይሄድ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኳት።

እኔም በዚያ መንገድ አልፌአለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ እንደጨረስኩ የተማርኩበት ኮሌጅ ፕሮግራሚንግ እንዳስተምር ሊቀጥረኝ ተስማምቶ ነበር። ለመማር የልደት ወረቀቴ በቅቶኛል፤ ለመቀጠር ግን ሰፈራችን ኪፓንዴ የሚለው የኬንያ መታወቂያ ያስፈልጋል። ትምህርት ሳይጀመር ካላመጣሁት ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

እኔ የተወለድኩት በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ነው። ኬንያዊ መሆንህን የሚያጣሩት ሽማግሌዎች ግን የሚጠይቁት አያትህ የት ተቀበረ ብለው ነው። አባቴ ከኢትዮጵያ በስደት የመጣ ጎሚስታ ነበር፤ አያቴ ያረፈው ዲላ አጠገብ ነው። አባቴ መርዶውን የሰማው ከዓመት በኋላ፣ ጎማ ሊያስለጥፍ ከቆመ የጭነት መኪና ሾፌር አፍ ነበር። ሾፌሩ አባቴ ቀድሞ የሰማ መስሎት ነው የነገረው። ከዚያ ወዲህ አባቴ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ እየሞረደ ስለ አባቱ ያወራል፤ ስለ በቅሎው፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ሳሉ ሳይቀር።

ሽማግሌዎቹ ፊት በምንቀርብበት ቀን ጠዋት ጎረቤታችን አብዱ መጣ። ድንበር እየተሻገረ ፍየል የሚነግድ ቀልደኛ ሰው ነው። በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እየጠጣን አባቴን መከረው። ከሞያሌ ወጣ ብሎ በኬንያ በኩል ባለው ቦሪ ባለቤት የሌለው መቃብር ሞልቷል፣ አንዱን አሳያቸው አለው። ሟቹ እንደሆነ አይከስህም ብሎም ሳቀ።

አባቴ አልሳቀም። "አንዴ እንኳ አልቀበርኩትም፣ አብዱ። ጭራሽ በውሸት ልቅበረው?"

ያኔ ግጥም እጽፍ ነበር፤ ስለ እውነትም ብዙ ስንኝ ነበረኝ። የዚያን ቀን ግን አባቴ እንዲዋሽልኝ ፈለግኩ። አፍ አውጥቼ አላልኩትም።

ሽማግሌዎቹ ግራር ሥር ወንበር ዘርግተው ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። አንደኛው የአባቴ ደንበኛ ነው። "የጎሚስታው ልጅ ፕሮፌሰር ከሆነ ጎማችንን ማን ሊነፋልን ነው?" ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ከዚያ የመቃብሩ ጥያቄ በኦሮምኛ መጣ። አባቴ ግሪስ የጠገቡ እጆቹን አየ።

"ቦሪ" አለ።

እንግዲያው ሄደን እንየው አሉ። ፒካፕ ላይ ተጭነን ሄድን። አባቴ ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ እሾህ መሃል ካለ አንድ የድንጋይ ክምር ፊት ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። መጀመሪያ የሚያስመስል መስሎኝ ነበር። ወዲያው ግን ድንጋዮቹ ላይ ተደፋ።

"አባዬ፣ አፈር እንኳ ሳላለብስህ" እያለ አለቀሰ።

እንዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉለት። ከዚያ በኋላ የጠየቀን ሰው የለም።

ስንመለስ እኔና አባቴ ፒካፑ ላይ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። "በል እንግዲህ አስተምር" አለኝ።

ኪፓንዴው ወጣልኝ፤ ተቀጠርኩ። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አያቴ ማውራት ተወ። ከመነዳሪውን ብቻ ይሞርዳል። መጀመሪያ ላይ ከጊዜ ጋር የሚተወው መስሎኝ ነበር።

አሁን አርጅቷል፤ ነገር ይምታታበታል። በቅርቡ ልጄን ይዤ ልጠይቀው ስሄድ፣ ደጃፉ ላይ አጠገቡ ተቀምጣ የእሱ አባት የት እንዳለ ጠየቀችው።

"ቦሪ ነው፣ የኔ ልጅ" አላት፤ አላመነታም። "እኔው ራሴ ነኝ የቀበርኩት።"

ክፍል ውስጥ ስህተት ሰምቼ ሳላርም አላልፍም፤ እንጀራዬ ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ ግን ልጄ ቀና ብላ ፊቴን ስታይ፣ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት።