ለእመት የሺመቤት ያልሰጠሁት ምስክርነት

እመት የሺመቤት ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አርፈው በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ በደብረ ታቦር ኢየሱስ ተቀብረዋል። ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበረ። በሕይወት ሳሉ ከጎናቸው መቀመጥ ይጸየፉ የነበሩ ሰዎች ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እኔ አላለቀስኩም። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «አንቺ ደግሞ ምናቸው ነሽና መጣሽ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። መልሴን የምጽፈው አሁን ነው፤ ለእሷና ለመሰሎቿ፣ እንዲሁም እመት የሺመቤትን በቅን ልብ ለሚያስቧቸው ሁሉ።

የዛሬ ልጆች ነርስ ይላሉ። በጣሊያን ጊዜ እኛ «ቁስል አጣቢዋ» ነበር የምንላቸው። ሥራውን የተማሩት ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ከውጭ አገር ሐኪሞች ነው። ጣሊያን ሲመጣ ሐኪም ቤቱን ከነሠራተኞቹ ያዘው፤ እሳቸውም እዚያው ቀሩ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፋሻና መድኃኒት የያዘ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ሲያልፉ ሰው መንገድ ይለቅላቸው ነበር። ከአክብሮት አልነበረም። ይፈራቸው ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ምራት ነበርኩ። ባለቤቴ ካሴ ከወንድሙ ጋር ዱር ገብቷል። የገጠር ቤታችን በተቃጠለ ጊዜ አማቴን ግራዝማች መኩሪያን በበቅሎ አስቀምጬ ደብረ ታቦር ገባሁ። ግራዝማች ባገራቸው ዳኛ ነበሩ፤ ከተማ ስንገባ ግን ስማቸውን ደበቅን። ልጃቸው፣ የባለቤቴ እኅት፣ ከጓሮዋ ያለችውን ጎጆ ሰጠችን። «ለጠየቀሽ ሁሉ ወንዛዬ ጠበል ከርመው የመጡ በሽተኛ ናቸው በይ። እኔንም አታውቂኝም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያችን ጎጆ ረግጣ አታውቅም። አባቷ በስሟ ሲጣሯት ከግድግዳው ማዶ ትሰማ ነበር። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ልጆቿ ቀብሩ ላይ ስለነበሩ ያውቁታል።

የግራዝማች አእምሮ ቤቱ ከተቃጠለ ወዲህ ተናውጧል። እኔን አንዳንድ ቀን እናታቸው፣ አንዳንድ ቀን ገረዳቸው አድርገው ያዩኛል። ያልረሷቸው ልጆቻቸውን ብቻ ነው። ተኝተው ሳለ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ካሴ ጉና ዋሻው ውስጥ ነው። ስንቅ አልደረሰውም» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር። መልእክተኛው ሲነግረኝ ሰምተዋል። የሚስታቸውን ሞት የረሱ ሰው ያችን ቃል አልረሱም። ከአጥራችን ውጭ ደግሞ ወታደር የሚመላለስበት መንገድ ነው።

ስለዚህ አረቄ አጠጣቸው ጀመር። ጠዋት አንድ ስኒ፣ ከቀትር በኋላ አንድ ስኒ። ይተኛሉ፣ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ እኔም እተነፍሳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከወገባቸው በታች ያለው ቆዳ ጠቆረ፤ ቀጥሎ ተላጠ፤ ከዚያ ሸተተ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሽታው ሲብስ ሐኪም ቤት ሄጄ አመለከትኩ። በማግስቱ እመት የሺመቤት መጡ። ቁስሉን ሳይነኩ በፊት ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡና ይጠይቁኝ ጀመር።

«ስማቸው ማነው?»

«አባ ወልዴ።»

«ሥራቸው ምን ነበር? ጤነኛ ሳሉ ጠዋት ሲነሱ ምን ያደርጉ ነበር? ሲጨንቃቸው የሚጣሩት ማንን ነው?»

ከጣሊያን ቤት የመጣ ሰው ስም፣ ሥራና ዘመድ ሲጠይቅ ለምን እንደሚጠይቅ ያኔ ሕፃንም ያውቅ ነበር። «ደብተራ ነበሩ» አልኩ። «ልጅ የላቸውም።»

ቁስሉን አፍልተው ባቀዘቀዙት የጨው ውሃ አጠቡ። የሞተውን ሥጋ በመቀስ አንድ በአንድ አነሱ። ከዚያ እኔን ጎትተው ሽማግሌውን እንዴት እንደምገላብጥ አሳዩኝ፤ አንዱን እጅ ከትከሻ፣ አንዱን ከዳሌ ሥር። «ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ምሰሶው ጋ ስትደርስ በግራ አስተኚያቸው። ከምሰሶው አልፋ ማጀቱ ጋ ስትደርስ በቀኝ። በጀርባቸው አይተኙ» አሉኝ። ሲወጡም «እኔ በሁለት ቀን አንዴ የምመጣ እንግዳ ነኝ። አስታማሚያቸው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ደግነት አልመሰለኝም። ማስፈራሪያ መሰለኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ። ደብተራ ነበሩ ያልኩትን አምነው ኖሮ፣ ቁስሉን ሲነኩ እንዲረጉላቸው ብለው ዳዊት ይደግሙላቸው ጀመር። ግራዝማች ተቆጡ። «ይህችን መነኩሲት ከፊቴ አንሱልኝ» አሉ። «ካሴን ጥሩልኝ። ጉና ዋሻው ውስጥ ነው ያለው።»

የያዝኩት የውሃ ቅል ከእጄ ወደቀ።

እመት የሺመቤት ቀና አላሉም። ፋሻውን ጠቅልለው ቋጠሩ። ከዚያ ወደ ግራዝማች አፍ ጠጋ ብለው አሸተቱና ወደ በሩ ወሰዱኝ።

«አረቄ ነው?»

ዓይኔ ወደ ማጀቱ ሄደ።

«አፋቸውን ዘጋሁ ብለሽ ገላቸውን ነው ያሰርሽው። ሰክሮ የተኛ ሰው አይገላበጥም። ቁስሉ የመጣው ከዚህ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደብተራም አልነበሩም። እኔ ቁስል ማጠብ አውቃለሁ። ሰውየውን ግን አንቺ ካልነገርሽኝ ከየት ላውቃቸው?»

«ዳኛ ነበሩ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ደክሞኝ ነበር። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ ልነግራችሁ አልችልም። የሚያልፍ ጫማ ሁሉ ወደ እኛ ደጅ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አረቄውን ደፋሁት፤ ወዲያው ቆጨኝ። ፀሐይዋ ምሰሶው ጋ ስትደርስ አማቴን እገላብጣለሁ፤ እየገላበጥኩም አንድ ነገር አስባለሁ። ቁስል አጣቢዋ ሰምታለች።

በተራቸው ቀን ረፋድ ላይ እመት የሺመቤት መጥተው ሥራ ጀመሩ። ቁስሉን አጥበው ሳይጨርሱ በሩ ጨለመ። አንድ የጣሊያን አለቃ፣ ሁለት አስካሪ የሚባሉ ጥቁር ወታደሮቹና አንድ አስተርጓሚ ገቡ። የሰፈሩን ቤቶች በየተራ እየፈተሹ ነበር። እኔ ያንን አላወቅኩም። ያየሁት እመት የሺመቤትን ነው። አመጣችብኝ አልኩ በሆዴ።

አስተርጓሚው «ሽማግሌው ልጆች አሏቸው?» አለኝ።

«የላቸውም።»

አላመነኝም። ከመደቡ አጠገብ ቁጢጥ አለና በለሰለሰ ድምፅ «አባባ፣ ልጆችዎ የት ሄዱብዎ?» አላቸው።

የግራዝማች ፊት በራ። ከወራት ወዲህ ስለ ልጆቻቸው የጠየቃቸው እሱ ብቻ ነበር። ከንፈራቸው ሲከፈት አየሁ። እጄን አፋቸው ላይ ብጭን እንደሚገድሉን አውቃለሁ፤ ባልጭንም እንደዚያው።

እመት የሺመቤት ሳህኑን መሬት አስቀመጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደገደጉ። ከመደቡ ግርጌ ቀጥ ብለው ቆሙና እጅ ነሡ።

«በሕግ አምላክ። ጌታዬ፣ አቤት ባይ ነኝ።»

ግራዝማች አፋቸውን ገጠሙ። በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። ያን ፊታቸውን ከዓመት በላይ አላየሁትም ነበር። «ተናገሪ» አሉ።

«ጌታዬ፣ የጎረቤቴ በሬ ገብሴን በላብኝ። ሽማግሌ ብልክበት አጥር አልሠራሽም አለኝ። አጥሩ የሱ ድርሻ ነው፤ አባቶቻችን ሲካፈሉ . . .»

«አባባ፣ እኔ የጠየቅሁዎ ልጆችዎን ነው» አለ አስተርጓሚው።

ግራዝማች ዞር ብለው አዩት። «ተራህን ጠብቅ» አሉት። «ሴትዮዋ አልጨረሰችም። ደግሞ ተነሥና ቁም፤ ዳኛ ፊት ቁጢጥ አይባልም።»

ከአስካሪዎቹ አንዱ ሳቀ። አስተርጓሚው ሳያውቀው ተነሥቶ ቆሞ ነበር። አለቃው በቋንቋው ጠየቀ፤ አስተርጓሚው ፊቱ ቀላ። «ዳኛ ነበሩ እንዴ?» አለ ወደ እመት የሺመቤት እያፈጠጠ።

እሳቸው አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም። «ዛሬ ዳኛ ናቸው። ትናንት ሙሽራ ነበሩ። ነገ ብትመጣ ጳጳስ ሆነው ታገኛቸዋለህ» አሉ። ቀጠሉም፤ «አዎ ጌታዬ፣ በሬው ቀንደ ሰባራ ነው።»

አስካሪው አሁን በግልጽ ሳቀ። አለቃው የቁስሉን ሽታ ሊሸሽ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እመት የሺመቤት ግን ቆመው ክርክራቸውን ቀጠሉ። «ሄደዋል እኮ» አልኳቸው በሹክሹክታ። «ፍርድ ሳይሰጡ ብተዋቸው ቀኑን ሙሉ ይጨነቃሉ» አሉኝና ገብሱንም በሬውንም እስከ መጨረሻ ተሟገቱ። ግራዝማች ሰምተው ሲያበቁ ፈረዱባቸው። «አጥሩን እኩል እጠሩ። ገብሱ ግን ቀርቶብሻል፤ ሳታጥሪ ዘርተሻል» አሏቸው። እመት የሺመቤት እጅ ነሥተው ነጠላቸውን ፈቱ። ቁስሉን ለማሸግ ፋሻውን ሲያነሡ ሁለት ጊዜ ከእጃቸው ወደቀ።

ግራዝማች ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖሩ። ሲጨንቃቸው ነጠላዬን አደግድጌ አቤት እላቸዋለሁ፤ ይረጋሉ። ቁስላቸውም ደርቆ ነው የሞቱት።

አሁን ወደ ራሴ ልመጣ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ለጣሊያን ምን ሠራሽ ብሎ እመት የሺመቤትን ጠየቀ። ከሁሉ በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ባንዳ» ያለቻቸው አባቷን ያልጎበኘችው የባለቤቴ እኅት ነበረች። እሳቸው «ቁስል አጥቤያለሁ» ብቻ አሉ። «የማንን? ስም ጥሪ» ተባሉ። «የበሽተኛ ስም አደባባይ አላወጣም» አሉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ።

ባለቤቴ የእጄን አንጓ ይዞ ነበር። «አባቴ ምሥጢር አወጣ እንዳይባል፤ ስሙን እንዳታነሺ» አለኝ። ዝም አልኩ። ባሌ ከለከለኝ እያልኩ ለራሴ ብዙ ዓመት ተናገርኩ። እውነቱ ሌላ ነው። ከተናገርኩ እሳቸውም ይናገራሉ፤ አረቄውም ይወጣል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ለማንም አላወጡትም።

ሴቶቹ ከማኅበር አስወጧቸው። እሳቸው ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው የጠራቸው ቤት ሁሉ መግባታቸውን አልተዉም። «ባንዳ» ያለቻቸው ሴት አርጅታ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ፣ በየሁለት ቀኑ እየመጡ ያጠቧትና ልጆቿን ማገላበጥ ያስተማሯቸው እመት የሺመቤት ናቸው። ልጆቿ ሐሙስ ዕለት ሲያለቅሱ ይህን ያስታወሱ እንደሆነ አላውቅም።

እመት የሺመቤት፣ አንቱ ያን ቀን ዞር ብለው ሲያዩኝ ምን እንደጠበቁ አውቃለሁ። ዛሬ ነጠላዬን አደግድጌ ምስክርነቴን ሰጠሁዎ። ግራዝማች ቢኖሩ የት ቆየሽ ይሉኝ ነበር። እኔም አርጅቻለሁ። የሰው ስም እየጠፋብኝ ነው፤ ያልጠራሁትን ሰው ስጠራ የምራቴ ዓይን ሲደነግጥ አይቻለሁ። አንድ ቀን ምላሴ አልታዘዝ ሲለኝ ምን እንደሚናገር ስለምፈራ፣ ልብ ሳለኝ ራሴ ተናገርኩ። የሚያስታምመኝ ሰው እንደ አንቱ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጦ ሥራዋ ምን ነበር ብሎ ቢጠይቅ፣ ይህን ወረቀት እንዲያሳዩት አዝዣለሁ። ደኅና ይረፉ።